ብስክሌት ለምትነዳና ውሾች ለምታሳድግ፦ የራስሽንም የእነሱንም ጤና የምትጠብቂበት ዝርዝር መመሪያ

ብስክሌት ልብንና ሳንባን ያጎለብታል፤ ለአጥንት የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው። መቀመጫው ላይ ስትሆኚ ክብደትሽን የሚሸከመው ብስክሌቱ ስለሆነ አጥንትሽ ለመጠንከር የሚፈልገውን ጫና አያገኝም። ውሾችሽ ደግሞ በየቀኑ በእግር ያስወጡሻል፣ ዳገት ያስረግጡሻል፣ ገመዱን ሲጎትቱ ክንድና ወገብሽን ያሠሩልሻል። አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላል።

ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመገላገል ሲባል ውሻው ከብስክሌት ጎን ታስሮ በአስፋልት ላይ ሲሮጥ ነው። ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ ያለ ድካም ይንደረደራል፤ ውሻው ግን እያንዳንዷን ሜትር በእግሩ ይከፍላል። እመቤቱን ላለማጣት ሲል እስኪወድቅ ድረስ ይከተላል እንጂ «ደከመኝ» ብሎ አይቆምም። ስለዚህ በአብዛኛው ብስክሌቱን ብቻሽን ንጂ፣ ውሾቹን በእግር አውጪ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ለሚችለው ውሻ ብቻ ይሁን።

መመሪያው አዲስ አበባንና መሰል ደጋ ከተሞችን በማሰብ የተጻፈ ነው። ቆላ የምትኖር አንባቢ ስለ ሙቀት የተባለውን ሁሉ በእጥፍ ትጠንቀቅ።

ደረጃ 1፦ መነሻውን መዝግቢ

አንድ ደብተር ያዢ፤ ስልክም ይሆናል። ጤነኛ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ ካላወቅሽ ሲታመሙ አታውቂም።

ከውሾቹ ጀምሪ። መጠነኛ ውሻ ከሆነ መጀመሪያ ብቻሽን፣ ከዚያ እሱን አቅፈሽ ሚዛን ላይ ቁሚ፤ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን እጅሽን እመኚ። መዳፍሽን በጎኑ ላይ ሳትጫኚ አሳልፊው። የጎድን አጥንቶቹ ከስስ ሥጋ ሥር አንድ በአንድ ከተቆጠሩልሽ ደህና ነው። ተጭነሽ ፈልገሽም ካላገኘሻቸው ወፍሯል። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ደግሞ ከጎድኑ ወዲያ ወገቡ ጠበብ ማለት አለበት። አገራችን ውስጥ የከሳ ውሻ ሁሉም ያዝንለታል፤ የወፈረውን ግን «እንዴት አምሮበታል!» ይሉታል። ወፍራም ውሻ መገጣጠሚያው ቶሎ ያረጃል፣ በሙቀትም ቶሎ ይወድቃል።

ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ለ30 ሰከንድ ቁጠሪና በሁለት አባዢ። እንቅልፍ ላይ ያለ ጤነኛ ውሻ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ልብ ወይም ሳንባ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ንገሪ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ድዱን እዪው፤ ሮዝ መሆን አለበት፣ በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂውም የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ድዳቸው በተፈጥሮ ጥቁር የሆነ ውሾች አሉ፤ ለእነሱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ እዪ። በፊንጢጣ የሚለካው የሰውነት ሙቀታቸው ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ለሰው ትኩሳት የሚባለው ለእነሱ ጤና ነው፤ አፍንጫ ደረቀ ወይም ረጠበ ብሎ መፍረድን ተዪው።

ለራስሽ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ የልብ ምትሽን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከጻፍሽ ወትሮሽን ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ጠዋት ከወትሮው በ10 ምት አካባቢ ከፍ ብሎ ካገኘሽው ያን ቀን ዳገት አትውጪ፤ ወይ እንቅልፍ ጎድሎሻል፣ ወይ ሰውነትሽ ከሕመም ጋር እየታገለ ነው። የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ ወይም ረጅም ጾም የምትጾሚ ከሆነ በዓመት አንዴ የደም ምርመራ አድርጊ። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፤ ፌሪቲን የሚባለውንም፣ ማለትም በሰውነትሽ የተጠራቀመውን የብረት መጠን፣ ይመርመሩልሽ። ሄሞግሎቢኑ ገና ሳይወርድ ፌሪቲን ቀድሞ ያልቃል፤ ዳገቱም ያለ ምክንያት የከበደሽ ያኔ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ክትባትና ትል

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቢ ከሆነ ይህን አንብቢ።

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከተማም ገጠርም አለ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰውንም ውሻንም ያለ ምሕረት ይገድላል። ውሾችሽ በሦስት ወራቸው ይከተቡ፣ ከዓመት በኋላ ይደገምላቸው፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚሰጥሽ ካርድ መሠረት ይቀጥሉ። ግቢ ውስጥ ብቻ የሚውለው ውሻም አይቀርለትም፤ አጥር የዘለለ ሌላ ውሻ ይበቃል። ቡችላ ከሆነ ዲስቴምፐርና ፓርቮ ለሚባሉት ተላላፊ የውሻ በሽታዎች የሚሰጠው ክትባት ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። እስኪያልቅ ድረስ የሰፈር ውሾች የሚጸዳዱበት ሜዳ ላይ አታውርጂው። ፓርቮ በሰገራ ይተላለፋል፣ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፣ ቡችላን በቀናት ውስጥ በተቅማጥና በትውከት ይጨርሳል።

የትሉ ጉዳይ ከበዓል ጋር የተያያዘ ነው። በፋሲካና በገና በየግቢው በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ «ለውሻው» ይወረወራል። እብጠቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ በዓይን የማይታይ እንቁላሉን ከሰገራው ጋር ያወጣል። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ደባብሰሽው ሳትታጠቢ ከበላሽ ወደ አንቺ ያልፋል። ሰው ላይ ሲደርስ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። እብጠት ያለበትን ሆድ ዕቃ አቃጥይው፣ ወይም የትኛውም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሪው። ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ሳይቀቀል አትስጪ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ይህን ትል ይገድላል፤ መጠኑ በክብደት ስለሆነ ከሐኪም ውሰጂ። ጥሬ ሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ያለው ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ሊወስደው ይገባል፤ ትሉ እንቁላል ከመጣሉ በፊት እንዲሞት ነው። ለክብ ትሎች ሌላ መድኃኒት አለና ሁለቱን የሚያጣምረውን ጠይቂ። ኮሶን ግን ውሻ ላይ አታሳብቢ፤ እሱ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የመጣ የራሳችን ጣጣ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ በሚረዝምበት ጊዜ መዥገር ይበዛል። ከእያንዳንዱ የሜዳ ጉዞ በኋላ ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከል፣ ብብት ሥርና ጭራ ሥር በጣትሽ ዳስሺ። ካገኘሽ በጉጠት ከቆዳው አስጠግተሽ ያዢና ሳታጣምሚ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት መተኮስ ወይም በጣት መጨፍለቅ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሻው ትኩሳት ከያዘው፣ ምግብ ካስጠላው ወይም አፍንጫው ከደማ መዥገር ነክሶት እንደነበር ለሐኪሙ ተናገሪ። ለከብት ተብሎ የተበጠበጠ መድኃኒት ደግሞ በግምት ውሻ ላይ አትርጪ፤ ይመርዘዋል።

ደረጃ 3፦ ብስክሌቱን ለሰውነትሽ አስተካክዪ

የጉልበትና የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ቁመት ይነሳል። ግድግዳ ተደግፈሽ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጪ፣ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች ግፊው። ፔዳሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጉልበትሽ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው፤ በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ስትረግጪ ትንሽ ዕጥፋት ይቀርልሻል። በቁጥር ማድረግ ከፈለግሽ ባዶ እግርሽን ቆመሽ ከጭንሽ ሥር እስከ ወለሉ ለኪና በ0.883 አባዢው። 76 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 67 ይመጣል፤ ከፔዳሉ ክንድ መዞሪያ መካከል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ያ ነው። ጉልበትሽን ከፊት በኩል ካመመሽ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ከኋላ በኩል ካመመሽ ደግሞ ከፍ ብሎ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትለውጪ።

ስለ መቀመጫው ስፋት ሴቶች አፍረን ዝም እንላለን። ገበያ ላይ ካሉት ብስክሌቶች ብዙዎቹ ጠባብ መቀመጫ ይዘው ይመጣሉ፤ የሴት መቀመጫ አጥንቶች ግን በአማካይ ሰፋ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ካርቶን ላይ ጥቂት ጊዜ ተቀምጠሽ ተነሺ፤ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ። በመካከላቸው ያለውን ለክተሽ ከዚያ ጥቂት ሰፋ ያለ መቀመጫ ፈልጊ። በጣም ለስላሳና ወፍራም ስፖንጅ ያለው ለአሥር ደቂቃ ይመቻል፣ ለሰዓት ግን ይጎዳል፤ አጥንቱ ይሰምጥና ግፊቱ ለስላሳው አካል ላይ ያርፋል። የመቀመጫውን የፊት ጫፍ በጣም ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ካለሽ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አትልበሺ፤ ስፌቱ ነው የሚያቆስልሽ። እንደተመለስሽ አውልቂው፣ ታጠቢ፣ ደረቅ ልብስ ልበሺ።

እጅሽ ከደነዘዘ መሪውን በጣም ተደግፈሻል ማለት ነው። ክርንሽን አጠፍ አድርጊ፤ መሪውንም ጥቂት ከፍ አስደርጊው። ሄልሜት፣ ከኋላ ቀይ ከፊት ነጭ መብራት፣ የሚይዝ ፍሬን። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ የሳምንቱ አከፋፈል

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ብስክሌትና ውሻ ያላት ሴት የመጀመሪያውን ሳታስበው ታሟላለች፤ የምትዘለው ሁለተኛውን ነው።

እንዲህ አድርገሽ ጀምሪ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ በብስክሌት፣ ቅዳሜ ረጅሙ ጉዞ፣ ሰኞና ዓርብ ቤት ውስጥ የ25 ደቂቃ የጡንቻ ሥራ። ውሾቹ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በእግር ይወጣሉ፤ እሑድ ደግሞ ረጅሙ የእነሱ ነው፣ ዳገት ያለው መንገድ በእግር። ረቡዕ ከውሾቹ የእግር ጉዞ በቀር ምንም አትሥሪ።

ቅዳሜን ጨምሮ አብዛኛው የብስክሌት ጉዞሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብሽ መናገር በምትችዪበት ፍጥነት ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሳስቶ ሳለ ቆላ ላይ የለመድሽውን ፍጥነት ለመጠበቅ ብትታገዪ ሁሉም ቀን ከባድ ቀን ይሆንብሻል፣ ሰውነትሽም አያገግምም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ እንበል፣ አራት ደቂቃ በርትተሽ ሦስት ደቂቃ እያረፍሽ አራት ጊዜ ዳገት ውጪ፤ ይበቃል። ዳገት ላይ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ መታገል ጀግንነት ይመስላል፣ ዋጋውን ግን ጉልበት ይከፍላል። ቀላሉን አስገብተሽ እግርሽ በደቂቃ 70 ወይም 80 ጊዜ ይዙር። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣሽ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ያህል በቀስታ ብቻ ንጂ።

ጥቁሩ ጭስ ሌላው ጣጣ ነው። ሚኒባሱ ከመብዛቱ በፊት ውጪ፣ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ አትጣበቂ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሑዶች ጎዳናው ከመኪና ነፃ ስለሚሆን ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ያን ቀን ግን ውሾቹን ቤት ተዪ፤ ሕፃናትና ጫጫታ ይበዛል።

ለጡንቻ ሥራው ጂም አያስፈልግሽም። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ አምስት ኪሎ ነው፤ ሁለት ያዢ። ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ ዝቅ ብሎ መነሳት 10 ጊዜ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት 15 ጊዜ፣ በአንድ እግር ቆሞ ከወገብ ጎንበስ ብሎ መመለስ በየእግሩ 8 ጊዜ፣ ጀሪካኑን ወደ ጎን መሳብ 10 ጊዜ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት 30 ሰከንድ። ሦስት ዙር። በመጨረሻ ገመድ ዝለዪ ወይም ባለሽበት 20 ጊዜ ዝለዪ፤ ይህ በቀጥታ ለአጥንትሽ ነው።

ለውሾቹ የጠዋቱ ጉዞ ፍጥነት አይፈልግም። ከአጥር ወደ አጥር፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያሽትቱ። ማሽተት አእምሯቸውን ያደክማል፤ ሲያሸት ያረፈደ ውሻ ቤት ገብቶ ጫማ አይበላም።

ደረጃ 5፦ ውሻን ከብስክሌት ጎን ማለማመድ

መጀመሪያ የማይሆኑትን ለይ። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች የሆነ፣ በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ ዝርያ፣ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፎች ስላልተዘጉ ከብስክሌት ጋር አይሮጥም። አፍንጫ ድፍጥ የሆኑት እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ሙቀታቸውን ማስወጣት ስለማይችሉ ፈጽሞ አይሆኑም። ያረጀ፣ የሚያነክስ፣ የወፈረ፣ ያረገዘችም እንዲሁ። መካከለኛ ቁመት ያለው ጤነኛ የሐበሻ ውሻ ግን ቀጭን፣ ረጅም እግርና አጭር ጸጉር ስላለው ለዚህ ሥራ ከብዙ ውድ ዝርያ ይሻላል።

ገመዱን አንገቱ ላይ አትሰሪ፤ ደረቱን የሚያቅፍና ትከሻውን የማያጣብቅ ማሰሪያ ይኑረው። ሌላኛውን ጫፍ እጅሽ ላይ ወይም መሪው ላይ አትጠምጥሚ፤ ድመት ባየ ጊዜ ይጥልሻል። ከመቀመጫው ሥር ካለው ቱቦ ጋር የሚታሰር ስፕሪንግ ያለው ዘንግ አለ፤ ጉተታውን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው ሚዛንሽን አያናጋም። ይህን ካላገኘሽ ውሻውን በብስክሌት አታስሩጪ፤ በእግርሽ አብረሽው ሩጪ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ውሻው በቀኝሽ፣ ከመኪና ርቆ ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ውሻ ብቻ።

የመጀመሪያው ሳምንት ብስክሌቱን እየገፋሽ በእግር ሂጂ። ውሻው ጎማውንና ድምፁን ይልመድ፤ «በቀስታ»፣ «ቁም» እና «ተወው» የሚሉትን ቃላት ይማር። በሁለተኛው ሳምንት አፈር መንገድ ላይ ለአምስት ደቂቃ ንጂ፣ ከመንዳትሽ በፊትና በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ በእግር። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ጨምሪ። ፍጥነቱን የሚወስነው ውሻው ነው። ሶምሶማ የሚመስለው እርምጃው ለመካከለኛ ውሻ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ መጋለብ ከጀመረ ፈጥነሻል፣ ከኋላ ከቀረ አልቋል። ገመዱ ወደ ኋላ ተወጥሮ ካየሽ ወዲያው ውረጂ። ግማሽ ሰዓት ለአብዛኛው የቤት ውሻ በቂ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በእግር።

ከመውጣትሽ በፊት የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ አሳርፊ። ካልቻልሽ እሱም አይችልም። አዲስ አበባ ነፋሻ ስለሆነች አያታልልሽ፤ እኩለ ቀን ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ሳለ ጥቁሩ መንገድ ያቃጥላል። ምግብ ከበላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለፈው፤ ከሩጫ በኋላም አንድ ሰዓት ይቆይ። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትላልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ይጠማዘዛል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ውሃ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት አጠጪው።

ሙቀት ከመታው ምልክቱ ማቆሚያ የሌለው ማለክለክ፣ ወፍራም ለሃጭ፣ በጣም የቀላ ድድና መንገዳገድ ነው። መጀመሪያ አቀዝቅዢው፣ ሐኪም ቤት ከዚያ በኋላ። ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ያለሽን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሺ፣ በነጠላም በካርቶንም አራግቢለት። እርጥብ ፎጣ አልብሰሽ አትተዪው፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል።

ደረጃ 6፦ ማዕድ

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ጉዞ ውሃ ይበቃሻል። ከዚያ ካለፈ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃና ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልግሻል። ታሽጎ የሚሸጠውን ውድ ነገር መግዛት ግዴታ አይደለም። በሶ በውሃና በማር በጥብጠሽ ጥቂት ጨው ጣል አድርጊበት፤ ሁለት ሙዝ በኪስሽ ያዢ። ቆሎም ደህና ነው፣ ግን እየነዱ ማኘክ ያንቃል፤ ቆመሽ ብዪው። ጤፍ ብረት አለው፤ ይሁንና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ቡናውን አንድ ሰዓት አቆዪው፤ ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ያግዛሉ።

ጾም ብስክሌት መንዳትን አይከለክልም፣ ሰዓቱን ግን ይቀይራል። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጠዋት ላይ ከውሾቹ ጋር በእግር ብቻ ሂጂ፤ ብስክሌቱን ከመፈሰኪያው በኋላ አድርጊው። ረመዳን የምትጾሚም ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀለል ያለውን፣ ከባዱን ከማፍጠር በኋላ አድርጊ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሙሉ ሽሮና ምስር ሳህን ላይ በርከት ይበሉ፤ በእንጀራና በጎመን ብቻ ጡንቻ አይጠገንም። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ አጥብቀሽ የምትጾሚ ከሆነ ሐኪምሽን ስለ እሱ ጠይቂ። የወር አበባሽ ለሦስት ወር ከቀረና ካላረገዝሽ እየበላሽ ያለሽው ከምታወጪው ኃይል አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሴትን አጥንት እንደዚህ የሚጎዳ ነገር ጥቂት ነው።

ውሻ ግን አይጾምም። የጾም ወቅት በብዙ ቤት የውሻ ረሃብ ወቅት ነው፤ ሥጋ የለም፣ ትራፊው ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የነካው እንጀራ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሉካንዳው ከመዘጋቱ በፊት ሥጋ ገዝተሽ አቀዝቅዢ፤ ወይም እንቁላል ቀቅለሽ ከሩዝና ከካሮት ጋር ስጪው። ሽንኩርትና በርበሬ የሌለበት የተቀቀለ ምስርም ይጨመራል። በቤት ምግብ ብቻ የሚኖር ውሻ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽና ፈጭተሽ እንደ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚጨመር ሐኪሙን ጠይቂ። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና አትስጪ።

ለመጠኑ ቀላል ስሌት አለ። ክብደቱን በኪሎ በ30 አባዢ፣ 70 ጨምሪ፤ ይህ በዕረፍት የሚያስፈልገው ካሎሪ ነው። በየቀኑ ለሚንቀሳቀስ የቤት ውሻ ውጤቱን በ1.6 አባዢ። 20 ኪሎ ውሻ 1,070 ገደማ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዳኛው የጎድን አጥንቱ ነው።

ቆሎሽ ውስጥ ዘቢብ ካለ ለውሻው አታካፍዪ፤ ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ያበላሻሉ። ቸኮሌት፣ ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ፣ ጠላና ቡናም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው። እግርሽን ሲያምሽ የምትወስጃቸው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ደረጃ 7፦ የመንገድ ውሾች፣ ጅብና ንክሻ

ባለቤት የሌለው ውሻ ብስክሌት ሲያሳድድ የሚቀሰቅሰው የሚዞረው እግርሽ ነው። ሸሽተሽ የማታመልጪው ከሆነ አትፍጠኚ፤ ቁሚ፣ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጊ፣ «ሂድ!» ብለሽ በወፍራም ድምፅ ተናገሪ። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ የምታነሺ ምሰዪ፤ መወርወር አያስፈልግም፣ የአገራችን ውሻ ምልክቱን በደንብ ያውቀዋል። ጀርባሽን ሳትሰጪ በቀስታ ራቂ። የራስሽ ውሻ አብሮሽ ካለ ሁለቱ መሀል እጅሽን አታግቢ።

የከተማው ዳር፣ በተለይ እንጦጦ በኩል፣ ጅብ አለ። ጎህ ሳይቀድ ከውሻ ጋር አትውጪ። ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ለብስክሌት ጉዞ ከሄድሽ ደግሞ ውሾችሽን ከተማ ተዪ፤ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በጥቂት መቶዎች ነው፣ ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታም ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል።

ውሻ ከነከሰሽ ወይም የተቧጨረ ቆዳሽን ከላሰሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ። በሰዓት ተቆጣጠሪው፤ 15 ደቂቃ ከምታስቢው በላይ ረጅም ነው። ሚጥሚጣም ሆነ ቅጠል አታድርጊበት፣ የባህል መድኃኒት ለመፈለግም ቀን አታባክኚ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂና ክትባቱን ጀምሪ፤ የቴታነሱንም ጠይቂ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ አንዱንም አታቋርጪ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ከክትባቱ ጋር የሚሰጠውን ፀረ እንግዳ አካል ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስሽ በሽታውን አላስተላለፈብሽም፤ አንቺ ግን እስከዚያ ክትባቱን ሳትጀምሪ አትጠብቂ። የሞተ እንደሆነ ለምርመራ የሚያስፈልገው ጭንቅላቱ ነውና ሳይመታና ሳይቀበር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቂ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎች እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚሉት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ የውሻው መዳፍ። አንድ በአንድ አንሺና በጣቶቹ መካከል ጠርሙስ፣ እሾህ፣ የተላጠ ቆዳ ፈልጊ። ክረምት ላይ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ አጥበሽ አድርቂ፤ እርጥብ ሆኖ የሚያድር እግር በጣቶቹ መካከል ይቆስላል። ወለሉ ላይ ሲራመድ ጥፍሩ የሚያንኳኳ ከሆነ ረዝሟል። ጫፉን ጥቂት ጥቂት ቁረጪ፤ ጥቁር ጥፍር ውስጥ የደም ሥሩ ስለማይታይ አትድፈሪ።

ከወደቅሽ የተፋቀውን ቆዳ በውሃና በሳሙና አጽጂ፣ አሸዋውን በለስላሳ ጨርቅ አውጪ፣ ሸፍኚው፤ ውሻሽ እንዳይልሰው። ጭንቅላትሽ ከተመታ ሄልሜቱ ደህና ቢመስልም ቀይሪው፤ ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ካስመለሰሽ ወይም ግራ ከተጋባሽ ብቻሽን አትደሪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ውሻው ካነከሰ ሁለት ቀን አሳርፊው፤ በቤት ዙሪያ ለመጸዳዳት ብቻ በገመድ ይውጣ። እግሩን ጨርሶ መሬት ካላስነካ፣ ካበጠ፣ ወይም ሁለቱ ቀን አልፎ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሲድን ወደ ብስክሌቱ የሚመለሰው ከአምስቱ ደቂቃ ጀምሮ ነው፣ ካቆመበት አይደለም።